የአያቴ ሕመም በዋልካ ሲለካ

ደብተሬ ሊባዛ ነው!

ይህን ለብቻው ያስቀመጥሁት ደጋግሜ እንዳየው ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሲስተር በግቢያችን በር ብቅ አለች። የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት፤ ስም ቢኖራትም እኛ ሰፈር በስሟ የሚጠራት ሰው ሰምቼ አላውቅም። ላቧን በጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች «ያ ደብተርሽ ይፈለጋል» አለችኝ። ደብተር ይፈለጋል ሲባል እኔ የሚታየኝ የሒሳብ መምህራችን ነው፤ ወደ ጓዳው አንድ እርምጃ አፈገፈግሁ።

«የአያትሽን ደብተር እኮ ነው የምልሽ» አለች ሁኔታዬን አይታ። «ቤታቸው ተኝተው የማያቸው ሦስት ሕመምተኞች አሉኝ። ቤተሰቦቻቸው እንዳንቺ እንዲጽፉ ኮፒ ላደርገው ነው። ትፈቅጃለሽ?»

ትፈቅጃለሽ ትለኛለች! እዚያው ዘለልሁ።

«ጥቁር ለብሰሽ ትዘያለሽ?» አለች እናቴ ከጓዳ አንገቷን አውጥታ። «ጎረቤት ምን ይለናል?»

«ደብተሯ ሊባዛ ነው በያቸው!» አለች ሲስተር።

«ደብተር ተባዛ ተብሎ ይዘለላል?»

«እንዴ እማዬ! ታዲያ ምን ሲሆን ልዝለል?»

በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ትከሻዋ ግን አሳበቀባት፤ እየሣቀች ነበር።

አያቴ ከሞቱ ወር ሊሆናቸው ነው። ስለ ሞታቸው እየጻፍሁ መሣቄ የሚከነክነው አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገሠኝና እርሳቸውን ካወቀ በኋላ ይፍረድብኝ። እስከ አምና ድረስ የአማርኛ መምህሬ በድርሰቴ ግርጌ በቀይ የምትጽፍልኝ «ሐሳብሽን ሰብስቢ» የሚል ብቻ ነበር። እንግዲህ ሰብስቤዋለሁ፤ ይኸው።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። ጎረምሳ ሳሉ «ለአንድ አዝመራ» ብለው ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወረዱ። ያ አዝመራ አላልቅ ብሏቸው ቆላ ቀሩ። አብደራፊ ከሚባለው የእርሻ ቦታ ትራክተር ላይ ወጡ፤ ኦፕሬተር ሆኑ፤ ሲያረጁ መተማ ዮሐንስ ቤት ሠርተው ተቀመጡ። እርሳቸው ከወረዱ ስንት ዘመናቸው፣ አነጋገራቸው ግን እንዳለ ጎጃም ቀርቷል። ትራክተር ከነዱ ቆይተዋል፤ ሰው ሁሉ ግን እስከ መጨረሻው «ኦፕሬተሩ» ይላቸው ነበር።

ኅዳር ላይ ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው። ጎንደር ተወስደው ታዩ። ሐኪሙ እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ ጉበታቸው ላይ ያለው ካንሰር የሚድንበት ጊዜ እንዳለፈ፣ ከእንግዲህ የሚቀረው ሕመማቸውን ማስታገስ እንደ ሆነ፣ ይህንንም ቤታቸው ሆነው ማድረግ እንደሚቻል ነገራት። እናቴ ከክፍሉ ወጣችና ለአያቴ «ጨጓራ ነው አሉ» አለቻቸው። እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው። በሽታው ለቤቱ ሰው ሁሉ ይነገራል፣ ለጎረቤት ይነገራል፣ ለባጃጅ ሾፌሩ ሳይቀር ይነገራል፤ ለታመመው ሰው ብቻ አይነገርም።

ከዚያ ወዲህ አያቴ ግቢያችን ካለችው የኒም ዛፍ ሥር፣ የገመድ አልጋቸው ላይ ተኙ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ እዚያው መቆየት። «እኔ ከዚህ አልጋ የምነሣ ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለመኪና አይደለም» ይላሉ። ሲስተር ሰኞና ሐሙስ እየመጣች ታያቸዋለች። ግን ከመጀመሪያው ቀን እቅጩን ነግራን ነበር፦ «ሕመሙን እዚህ ሆነን መያዝ ካቃተን ጎንደር ሪፈር እላቸዋለሁ።» ጎንደር ደግሞ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን እንኳ የደኅና ሰው ወገብ የሚቆርጥ ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። አያቴ ምን ያህል እንዳመማቸው ይናገራሉ፤ ሲስተር በዚያው ልክ መድኃኒት ታመጣለች፤ እርሳቸውም ኒማቸው ሥር ይከርማሉ። ችግሩ አያቴ ጨዋ ሰው መሆናቸው ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ሕመሙ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ይሆናል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እርሱማ ይመስገን። ቁጥሩን ነው የምጠይቅዎ።»

«ምንም አልል። አንችስ ደኅና ነሽ? ልጆች ደኅና ናቸው?»

«ልጅ የለኝም አባባ።»

«ይሰጥሻል። አትቸኩይ።»

ሲስተር ዜሮ ብላ ጻፈች። ምን ታድርግ? በሚቀጥለው ጊዜ ፊቶች የተሣሉበት ካርድ ይዛ መጣች፤ ከሚሥቀው ፊት ተነሥቶ እንባው እስከሚወርደው ድረስ ስድስት ፊት ተደርድሯል። «ዛሬ የእርስዎ ሕመም የትኛውን ይመስላል?» ብላ ሰጠቻቸው። አያቴ ካርዱን ወደ ፀሐይ አዙረው እያንዳንዱን መረመሩት።

«ይኸ የሚያለቅሰው ምን ሆኖ ነው?»

«አሞት ነው።»

«እንዲህ በሰው ፊት? አባት የለውም?» አሉና በጣታቸው የሚሥቀውን መቱት። «ይኸ ነው ሰው።»

ሲስተር ሁለተኛውን ዜሮ ጻፈች።

እኔ አልፈርድባቸውም። እንዴት ነዎት ተብሎ «አመመኝ» ብሎ የመለሰ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንድ ጎረቤታችን ከተገለበጠች ባጃጅ ሥር ተስቦ እየወጣ፣ እንዴት ነህ ሲሉት «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠያቂ ደግሞ በየቀኑ ይመጣል፤ ብርቱካንና ለስላሳ ይዞ ይገባል፣ ደኅና ነዎት ይላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል፣ «ታዲያማ ተሽሎዎታል!» ይልና ደስ ብሎት ይሄዳል።

አልተሻላቸውም ነበር። ወሬ እያወሩ መሐል ላይ ዝም ይላሉ፤ የአልጋውን ገመድ ጨብጠው ይቆዩና ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ገመዱ በቀኝ በኩል ረግቦ ነበር። እንቅልፍ የለም፤ ምግብ የለም። ሲስተር ይህን አይታ «ምን ብዬ መድኃኒት ላሳድግ?» አለችን በር ላይ። «ሐኪሙ ስልክ ስደውልለት የሚጠይቀኝ ስንት አሉ ብሎ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ደብተር አውጪ። መቼ እንዳመማቸው፣ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ መድኃኒቱን ሲወስዱ ምን እንደ ተለወጠ ጻፊልኝ። ሰኞ አየዋለሁ።»

ጻፍሁ። ሰኞ አየችው። እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀን፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ማታ፦ ተመስገን።»

«ይኼ» አለች ሲስተር ገጹን እየገለበጠች «የሕመም ደብተር ነው የጸሎት መጽሐፍ?»

መፍትሔውን ያመጡት ሐጂ ናቸው። ሐጂ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ሱቅ አላቸው፤ ሳሙናው፣ ሽቶው፣ ብስኩቱ ከወዲያ ከሱዳን የመጣ ነው። ከአያቴ ጋር የተዋወቁት እናቴ ሳትወለድ ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይሰዳደባሉ። አንድ ቀን ከሰዓት ከርከዴ፣ ያን ቀዩን የአበባ ሻይ፣ በፌስታል ይዘው መጡና የፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እንዴት ነህ አላሉም። እንዲህ አሉ፦

«አንተ ኦፕሬተር! ማሽኑ ዛሬስ እንዴት ነው?»

«ተወኝ እባክህ ሐጂ» አሉ አያቴ። «ዋልካ ገብቷል።»

ዋልካ የምንለው ጥቁሩን አፈራችንን ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ትራክተር ይውጣል። እኔ የድሮ ጨዋታ መስሎኝ የአልጀብራ የቤት ሥራዬን ቀጠልሁ።

«እስከ የት ሰመጠ?»

«ሙሉ ጎማ።»

«የቱ ጎማ?»

«ቀኝ የኋላው። ወደ ጀርባ ይስባል። መዞር አልቻለም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ። ያችን ክኒን ስትሰጠኝ ብቅ ይላል፤ ምሳ ሳይደርስ ተመልሶ ይገባል።»

እርሳሴ ቆመ። ክኒን የሚውጥ ትራክተር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም። የአልጀብራውን ገጽ ገልብጬ የሰማሁትን ሁሉ በጥድፊያ ጻፍሁት። ሐጂ በዓይናቸው ጠቀሱኝና ምንም እንዳልሆነ ሰው መጠየቃቸውን ቀጠሉ። ጎማው፣ ሰዓቱ፣ ክኒኑ፣ አንድም አልቀራቸው። አያቴ ስለ ራሳቸው ለዶክተር ያልተናገሩትን ስለ ማሽኑ ለጓደኛቸው ዘረገፉት። ኦፕሬተር ማሽኑ ሲበላሽ መናገር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አለመናገር ነው ነውሩ።

በማግሥቱ ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ሄድሁ።

«አባባ፣ ማሽኑ እንዴት አደረ?»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ያወቁብኝ መሰለኝ፤ አውቀውብኛልም።

«አንች ደግሞ መቼ ኦፕሬተር ሆንሽ?»

«ረዳት ነኝ።»

«ረዳት ጠዋት ተነሥቶ ጎማ ያያል እንጂ ጥያቄ ያበዛል?» አሉና ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው፣ «ሆዱ መሬት ነክቷል» አሉ።

በዚያ ሳምንት መለኪያችንን ሠራን። ከታች ደረቅ መሬት አለ። ቀጥሎ ጭቃው የጎማውን ጥርስ ሲሞላ። ከዚያ ግማሽ ጎማ፣ ሙሉ ጎማ፣ ሆዱ መሬት ነካ። መጨረሻው ሞተሩ ጠፋ ነው። ሐሙስ ዕለት ሲስተር ደብተሩን ቆማ ጀመረችው፤ እየሣቀች ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሣቋ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ተቀመጠች።

«ሆዱ ነካ ማለት ምን ያህል ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ኦፕሬተሩ ወርዶ ሰው የሚጠራበት ነው።»

«ይኼ እኮ ስምንትም ዘጠኝም ነው! እኔ ዜሮ ነው የጻፍሁ!» ስልኳን አውጥታ ወደ አጥሩ ሄደች። ሐኪሙን «ሙሉ ጎማ» ስትለው ሰምቻለሁ፤ ምን እንደ መለሰላት አላውቅም፤ ብቻ ብዙ አስረዳችው።

በማግሥቱ ሞርፊን መጣ፤ በጠርሙስ፣ የሚጠጣ። እናቴ ስሙን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንሾካሾከች። «ይኼማ የመጨረሻው አይደለም? ይኼን የወሰደ አይቆይም ይባላል።»

«የሚገድላቸው በሽታው ነው እማማ» አለች ሲስተር በጆሮዋ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦ «ይኼ በታዘዘው ልክ ሲሰጥ የሚያስታግሰው ሕመሙን ነው። ደግሞ እስኪያማቸው አትጠብቁ። ሰዓቱን ጠብቃችሁ ስጡ።»

«ልክ ብላለች» አሉ አያቴ ከአልጋቸው። «ጭቃው ሳይዝ ነው የሚታለፍ። ከሰመጠ በኋላ የማንም ጉልበት አያወጣው።»

ሰዓቱን የሚጠራ ደወል በስልኬ ሞላሁ፤ ድምፁን የአውራ ዶሮ አደረግሁት። የጎረቤት ዶሮዎች መልስ ይሰጡት ነበር።

አያቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ተኙ። ለመድኃኒቱ ሲቀሰቀሱ ይነቃሉ፣ ይውጣሉ፣ ይተኛሉ። እናቴ አፍንጫቸው ሥር እጇን እያስጠጋች ትንፋሻቸውን ስትፈትሽ ዋለች። «ገደልናቸው» አለችኝ። ሲስተር መጥታ ዓይናቸውን አየች፣ ትንፋሻቸውን ቆጠረች፤ «የስንት ሳምንት እንቅልፍ ነው እየከፈሉ ያሉት፤ ተዋቸው» አለች። በሦስተኛው ቀን ነቅተው ሁላችንንም አልጋውን ከበን ሲያዩን፣ «ምን ታፈጣላችሁ? ዝሆን ነኝ?» አሉ። ደብተሬ ላይ ጻፍሁ፦ «ጥርሱን ብቻ ሞልቷል።» ካርዱ ላይ ያለው የሚሥቀው ፊት ያን ቀን የእኔ ነበር።

ሌላ ጣጣ መጣ እንጂ። ሲስተር ሞርፊኑ ሆድ እንደሚያደርቅ ነግራን የሚያለሰልስ ክኒን አብራ ሰጥታን ነበር። እናቴ ግን «ምግብ ላልገባበት ሆድ የምን ማለስለሻ ነው?» ብላ ክኒኑን ከስኳሩ ኋላ አስቀመጠችው። አያቴ ቀን በቀን ፊታቸው እየተቋጠረ ሄደ። ይህንንማ ለልጅ ልጅ እንዴት ይናገሩት? ሦስተኛው ቀን ላይ፣ «አንች፣ ለሲስተር ኬላው ተዘግቷል በያት» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ወዲያው ገባኝ፤ የምንኖረው ድንበር ላይ ነው።

ሲስተር እናቴን ተቆጣች፤ ክኒኑ ከስኳሩ ኋላ ወጣ፤ ሆድ የሚያላላው የሁመር ፍሬ ውኃም ተጨመረበት። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከአያቴ ዘንድ ምሥራች ሰማሁና «እማዬ! ኬላው ተከፈተ!» ብዬ በግቢው ሙሉ ጮህሁ። የረሳሁት ነገር ቢኖር፣ እውነተኛው ኬላ በዚያ ሳምንት ዝግ እንደ ነበረና አጥራችን ሥር የከባድ መኪና ሾፌሮች ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁ ነው። አንዱ በአጥሩ ላይ ራሱን አውጥቶ፣ «እውነት? ማን አለ?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ። ወዲያው ሐጂ እያለከለኩ ገቡ። «አልሐምዱሊላህ! ተከፈተ አሉ! ካርቶን ማውረድ ጀምሬያለሁ!»

አያቴ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። «የእኔ ነው ሐጂ። ካርቶንህን መልስ።»

ሕመሙ እንዲህ ተያዘ። ይሁንና የጎንደሩ ነገር አልተዘጋም፤ አሁን የምትፈልገው እናቴ ነበረች። አያቴ አይበሉም። እናቴ ሾርባ ትሠራለች፣ አጥሚት ትሠራለች፣ እንቁላል ትመታለች፣ ማንኪያ ይዛ «በሞቴ!» ትላለች። ለእርሷ ብለው ይውጣሉ፤ ወዲያው ይመልሱታል። ሲስተር ጓዳ ወስዳ አስረዳቻት። «ሰውነታቸው ምግቡን መጠቀም አቁሟል። ስለማይበሉ አይደለም የሚሄዱት፤ ስለሚሄዱ ነው የማይበሉት።» እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ሲስተር ስትወጣ ደግሞ ሚኒባስ ተነጋገረች፤ ለሰኞ። «ጎንደር ጉሉኮስ ይሰጧቸዋል» አለችኝ። «ልጃቸው እያለች ተርበው ሞቱ ልባል?»

ቅዳሜ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለች አያቴ ጠሩኝ።

«አንች ረዳት። ደብተርሽን ይዘሽ ነይ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ።

«ማሽኑ ጎንደር ጋራዥ ቢገባ ይነሣል?»

ለዚህ ጥያቄ ደብተሬ ላይ መስመር አላሰመርሁም። «ጨጓራ እኮ ነው አባባ» የሚለው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቤታችን ውስጥ ስንት ጊዜ ተብሏል። እርሳቸው ግን እየጠበቁኝ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እኔ እርሳቸውን እንደምጠብቃቸው። ሌላውን ሁሉ እውነቱን ነግረውኝ ሳለ እኔ ይህችን ብዋሻቸው ደብተሩ ምን ሊሆን ነው?

«አይነሣም አባባ» አልሁ።

ኒሟን ሽቅብ አዩ።

«አውቄው ነበር» አሉ። «የሚነሣ ሞተርና የማይነሣ ሞተር ድምፁ ይለያያል። የሚነግረኝ ሰው ነው ያጣሁ። ሁላችሁ ጨጓራ፣ ጨጓራ!» ማልቀስ ጀምሬ ነበር። «ተይ እንጂ፤ ደብተሩ ይረጥባል» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። ነጠላው ትንባሆና ቅባት ይሸታል።

እናቴ ከነዘንቢሏ እንደ ገባች፣ «ልጄ» አሏት፣ «ጨጓራዬን ተይልኝ። ሚኒባሱንም ተይልኝ።»

ዘንቢሉ እጇ ላይ ቀረ። ወደ እኔ ዞረች። «ነገርሻቸው!»

«እኔ ነኝ የነገርኋት» አሉ አያቴ፤ ዓይናቸውን እንኳ አላሹም።

«ሰው ምን ይላል? ተርበው ሞቱ ይላል!»

«ሰው መቼ እኔ ሆድ ውስጥ ገብቶ ያውቃል? አልራበኝም። የጠማኝ እንደ ሆነ እነግርሻለሁ። እዚሁ ካንች ጋር ልሁን።»

እናቴ ምድር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቲማቲሙ ተንከባለለ፤ እኔ እየለቀምሁ አለቀስሁ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ለሚኒባሱ ሾፌር ደወለች፤ «አባቴ አይመቻቸውም» አለችው። ጨጓራ አላለችም።

ሲስተር እናቴ ባዶ እጇን መቀመጥ እንደማትችል ገብቷት ሥራ ሰጠቻት። የአያቴ አፍ ይደርቅ ነበር፤ በዚህ ሙቀት የማን አፍ አይደርቅም። እናቴ የሐጂን ከርከዴ ታፈላለች፣ ታቀዘቅዛለች፤ ሐጂ በሱቃቸው ፍሪጅ በበረዶ መሥሪያ በረዶ ያደርጉታል፤ እናቴ ቀዩን በረዶ ፈርፍራ አንዲት ፍርፋሪ ምላሳቸው ላይ ታስቀምጣለች። አያቴ ከንፈራቸው ቀልቶ እንደ ሙሽራ ሆኑ። «ተኩለህ ልትዳር ነው እንዴ?» ይሏቸዋል ሐጂ። እናቴ ከማንኪያው ጋር መጣላቷን አቆመች። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ደግሞ ቀና አድርጋ ትደግፋቸውና በሰሌን ማራገቢያ ፊታቸው ላይ ታራግባለች፤ ያ ትንሽ ነፋስ ፊት ሲነካ ትንፋሽ እንደሚያቀል ያሳየቻት ሲስተር ናት።

በእነዚያ ቀናት አያቴ ስለ ራሳቸው ተዝካር ሲያወሩ እናቴ «ኧረ ይተዉ!» ትላለች፤ እርሳቸው አይተዉም። አንድ ቀን ሐጂ ባሉበት ተናዘዙ። «በአርባዬ የሚያለቅስ እቤቱ ያልቅስ። ወደ እኔ ቤት የሚመጣ ግን ስለ እኔ አንድ ወሬ ይዞ ይምጣ። ያስቅ እንጂ እውነት ባይሆንም ግድ የለኝም።»

«ውሸቱን አንተው ጨርሰኸው የለም?» አሉ ሐጂ። «እኛ ከየት እናመጣለን?»

«ተበደሩ።»

የመጨረሻው ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ ጠዋት ላይ፣ ትንፋሻቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ይንኮረኮር ጀመር። ሲስተር ይህ ድምፅ እንደሚመጣ አስቀድማ ነግራን ነበር፤ የሚያስፈራው የሚሰማውን እንጂ እርሳቸውን እንዳልሆነ። ባትነግረን ኖሮ በጩኸት መንደሩን እንቀሰቅስ ነበር። እንዳሳየችን በጎናቸው አዞርናቸው፤ እናቴ ከንፈራቸውን አረጠበች። እኔ ጆሯቸው ሥር ሆኜ፣ «አባባ፣ ማሽኑስ?» አልሁ። ቃል አልወጣቸውም። መዳፋቸውን ዘረጉና አንሶላው ላይ ቀስ አድርገው፣ ልስልስ አድርገው አሳለፉት። «ደረቅ መሬት» ብዬ ጻፍሁ። የደብተሩ የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ረፋዱ ላይ ዐረፉ፤ እዚያው፣ ኒማቸው ሥር፣ እጃቸው በእናቴ እጅ ውስጥ። ከሁላችን በፊት ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት ሐጂ ናቸው። ሱቃቸውን ሦስት ቀን አልከፈቱም።

እንግዲህ ኑዛዜው በእኔ ላይ ነው። ተዝካራቸው እሑድ ሳምንት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እቤታችን ነው። ለሙስሊም እንግዶች ሐጂ ለብቻ ያርዳሉ፤ ማንም ሳይበላ አይመለስም። ያወቃችኋቸው ኑ፤ ያላወቃችኋቸውም አሁን አውቃችኋቸዋልና ኑ። ለማንኛውም ባጃጅ «የኦፕሬተሩ ቤት» ካላችሁት ያደርሳችኋል። አንድ የሚያስቅ ወሬ መያዝ ግዴታ ነው፤ የሌለው ሰው በር ላይ ሐጂን ያናግር፣ ተርፏቸዋል። ሲስተርም ትመጣለች። እቤታችሁ ተኝቶ ጠዋት ማታ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚላችሁ ሰው ካለ እርሷ አጠገብ ተቀመጡ፤ እኔም ደብተርና እርሳስ ይዤ ከጎኗ ነኝ፤ ሰውየው ምን ሲሠራ እንደ ኖረ ንገሩንና መለኪያውን አብረን እናወጣለታለን።